ላንቃ ፈንገስና ሰው ሠራሽ ጥርስ፦ መጉመጥመጫውንና ጠብታውን እንዴት ላስማማ?

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ከላይ ሙሉ የፕላስቲክ፣ ከታች ደግሞ የብረት መያዣ ያለው የሚወልቅ ጥርስ ታደርጋለች። የላይኛው የሚያርፍበት ላንቃዋ ቀልቶ ፈንገስ ነው ተባለ። 0.2 በመቶ ክሎርሄክሲዲን የተባለ ጀርም ገዳይ መጉመጥመጫ (10 ሚሊ ሊትር ለ1 ደቂቃ፣ በቀን 2 ጊዜ) እና ኒስታቲን የተባለ የፈንገስ መድኃኒት ጠብታ (በቀን 4 ጊዜ) ታዝዞላታል።

የቸገረኝ ሁለቱ አፍ ውስጥ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ማዳከሙ ነው። የጥርስ ሳሙናም ክሎርሄክሲዲንን ስለሚያከሽፈው ከብሩሽ በኋላ 30 ደቂቃ እናቆያለን። ምግቡም፣ ብሩሹም፣ ጠብታውም ሲደማመር ቀኑ አልበቃ አለን። ኒስታቲኑ ከመጉመጥመጫው ምን ያህል ይራቅ?

የምትጉመጠመጠው ጥርሱን አውልቃ ነው፤ አለበለዚያ መድኃኒቱ የቀላው ቦታ አይደርስም። ማታ መዘፍዘፉ ላይ ግን ግራ ገብቶኛል። በረኪና የታችኛውን ብረት ይበላዋል። ክሎርሄክሲዲን ውስጥ ብዙ ከቆየ ጥርሱ ይበልዛል፤ አልኮል ያለበት መጉመጥመጫ ፕላስቲኩን ይጎዳል፣ ፍል ውኃም ያጣምመዋል። ፈንገሱ ጥርሱ ላይ ከቀረ ደግሞ ላንቃዋ ተመልሶ መቅላቱ አይቀርም፤ ስለዚህ በንጹሕ ውኃ ብቻ ማደሩ አላሳመነኝም።

የላይኛውና የታችኛው ለየብቻ ይዘፍዘፉ? በምን፣ ለስንት ደቂቃ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።