ዲኤክሴ አቀበት ላይ ትሞታለች፤ በትንሽ ብር ጉልበት ማግኘት ይቻላል?

ባለ ዲኤክስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው የምኖረው። አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ፤ ሞተሯ 4ኬ፣ ባለ ካርቡራተር። ከተማ ውስጥ እሰየው ነች። ቤተሰብ ጭኜ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ግን ከጊቤ ድልድይ ወደ ወልቂጤ የሚያወጣው አቀበት ላይ ታዋርደኛለች። ነዳጅ እስከ ወለሉ ረግጬ በሁለተኛ ማርሽ እንፏቀቃለን፤ ኋላዬ ቡና የጫነ ኤፍኤስአር ክላክስ ይነፋል። አንዱ መካኒክ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) ቆርጠን ትልቅ ካርቡራተር እንግጠም አለኝ። ሌላው ሞተር ቀይር ይላል። ኪሴ ለሁለቱም አይሆንም። ምን ትላላችሁ?

የጅሬኑ፦
ማርሚታ ብትቆርጥ ሰፈሩ ያውቅሃል እንጂ አቀበቱ አያውቅህም። ሞተር ከቀየርክ ደግሞ ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ፤ የቢሮ ምልልሱን አስበው። ፖርቶመጋላ ካለህ ባዶውን ይዘኸው አትዙር፣ አውርደው።

ጋሽ ፑንቲና፦
ወንድሜ፣ ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ላይ ነች። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየመቶ ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ይህን እርሳው፣ አይመለስም። የሚመለሰው በእርጅናና በመካኒክ እጅ የጠፋው ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም።

ሞተሩን አጥፍተህ የአየር ፊልትሮውን አንሳ። ሰው ነዳጅ እስከ መጨረሻው ይርገጥልህ፣ አንተ ካርቡራተሩ ውስጥ እይ። ሁለት የአየር መግቢያ ጉሮሮ አለው፤ የመጀመሪያው ጉሮሮ ሙሉ በሙሉ ካልተከፈተ ኬብሉ ረግቧል፣ ወይም ምንጣፍ ፔዳሉን ይዞታል (አትሳቅ፣ ያጋጥማል)። ሁለተኛው ጉሮሮ በቫኪዩም (በሞተሩ የአየር ስበት) የሚሠራ ከሆነ ያኔ አይከፈትም፤ በጣትህ ገፋ አድርገው። ከደረቀ በግማሽ ካርቡራተር ነው የምትነዳው።

ቀጥሎ የባልቦላ (የቫልቭ) ክፍተት። 4ኬ ሲሞቅ መግቢያው 0.20፣ መውጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። በጆሮው ብቻ የሚሠራ መካኒክ ጠበቅ ያደርገዋል። ጫጫታው ይጠፋል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል። የጠበቀ ባልቦላ ግን ሲሞቅ ጥርቅም ብሎ አይዘጋም፤ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው ግፊት) ያመልጣል፣ ውሎ አድሮም ይቃጠላል። ትንሽ ቲክ ቲክ ብትል ይሻልሃል።

የፑንቲናው (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው የካንዴላ እሳት መቆራረጫ) ክፍተት 0.45 ሚሊ ሜትር ይሁን። ታይሚንጉን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) እዚህ ከፍታ ላይ ከፋብሪካው ቁጥር አንድ ሁለት ዲግሪ ማስቀደም ትችላለህ። ነገር ግን ጊቤ ከጅማ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ይላል፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። ጅማ ላይ ደህና የነበረች እዚያ አቀበቱ ላይ ልታንኳኳ ትችላለች። ካንኳኳች ታይሚንጉን መልሰው።

ቴርሞስታቷስ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈው) አለ? እኛ ጋ «እንዳትሞቅ» ተብሎ ይወጣና ይጣላል። ያልሞቀ ሞተር ቤንዚን ይጠጣል እንጂ አይጎትትም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልተሻላት ኮምፕሬሽን አስለካ። ከፍታ ላይ ቁጥሩ ከመጽሐፉ ያንሳል፣ አትደንግጥ፤ የአራቱን ሲሊንደሮች ልዩነት እይ። የቀነሰው ላይ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ከፍ ካለ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ነው፣ ባለበት ከቆመ ባልቦላ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን።

ባለ ዲኤክስ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉት አየሁት፤ ሁለተኛው ጉሮሮ በጣት ስገፋው ንቅንቅ አይልም! አንድ ነገር ልጨምር። አቀበት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ስረግጣት ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቷ ግን አይጨምርም። ይኼም ከካርቡራተሩ ነው?

ጋሽ ፑንቲና፦
ይኼንን መጀመሪያ ብትነግረን ኖሮ! ያ ፍሪሲዮን (ክላች) ነው። ሜዳ ላይ አቁማት፣ የእጅ ፍሬን ሳብ፣ ፊት ለፊትህ ሰው አይቁም። ሦስተኛ አስገብተህ ነዳጅ ትንሽ እየሰጠህ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ቀስ ብለህ ልቀቅ። ሞተሩ መጥፋት አለበት። እየዞረ ከቀጠለ የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል፤ ትልቁን ካርቡራተር ብትገጥም ኖሮ ጭራሽ ይብስበት ነበር። ጊርቦክሱ ሲወርድ ከሞተሩ ኋላ ያለውን ኦይል ሲል (የዘይት ማገጃ ጎማ) አሳያቸው። ዘይት ካለ አብሮ ይቀየር፤ አለበለዚያ አዲሱም ሸራ ዘይት ጠጥቶ ይንሸራተታል።

የጅሬኑ፦
ሸራውን ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። «ያው ነው» ብለው የሌላ መኪና ይሰጡሃል።