ቀረርቶና ማሲንቆ ያለበት ፖለቲካ ቀመስ የራፕ አልበም፦ ቃሉ እንዲሰማ ምን ይደረግ?

የጣርማበር ጉም

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ላይ 9 ዘፈን ያለው የራፕ አልበም እየተሠራ ነው። ጉዳዩ መሬት፣ መፈናቀል፣ የኑሮ ውድነትና ሥራ ማጣት ነው። በየመሀሉ የመንዝ አባት ቀረርቶና ማሲንቆ ይገባል። ቀረጻው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ዕቃው አንድ ኮንደንሰር ማይክ፣ የድምፅ ካርድና ላፕቶፕ ነው።

ቀረርቶው ከ90 ቢፒኤም (በደቂቃ 90 ምት) ቢት ጋር አልገጥም ብሏል። ራፑ ደግሞ ግማሽ ቃሉ አይሰማም፤ ቀ፣ ጠ፣ ጨ በመጡ ቁጥር ድምፁ ይሰነጠቃል። ሌላው ስጋት ሲወጣ የሚመጣው ነው፤ አንድ ስንኝ ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ ይዞራል፣ ከዚያ ስድቡም ክሱም ይከተላል። የምታውቁ ብትረዱን።

ቤት መቺ

ቀረርቶን በሜትሮኖም (በምት ቆጣሪ) ለማሰር አትድከሙ። ቀረርቶ የሚሄደው በትንፋሽ ነው። እየጎተታችሁ ቢቱ ላይ ስትለጥፉት የሰውየው ድምፅ እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ ወኔውም ይጠፋል። ከበሮውን አውጡና ከሥር አንድ ረጅም የቤዝ ድምፅ ብቻ አስቀምጡ፤ ቀረርቶው በነፃ ይሂድ፣ መጨረሻው ቃል ላይ ኪኩ (ወፍራሙ የከበሮ ምት) ይውደቅ። ያቺ የመውደቂያ ነጥብ ብቻ በትክክል ከገጠመች ሌላው ሁሉ የገጠመ ይመስላል።

የራፑ ቃል የሚጠፋው ግን በማይኩ ብቻ አይመስለኝም። በ90 ቢፒኤም አንድ ባር (አራት ምት) ውስጥ 16 ቀለም (በአፍ የሚቆጠር የፊደል ድምፅ) ከጠቀጠቃችሁ በሰከንድ 6 ቀለም ይሆናል። አማርኛ የሚጠብቅ ፊደል አለው፤ ማጥበቂያ ጊዜ ሲያጣ ቃሉ ይዋጣል። የወል ቤት የሚባለውን የግጥም ልክ አስቡት፦ 6 እና 6፣ ድምሩ 12። እያንዳንዱን ምት ለሦስት ብትከፍሉት በአራት ምት 12 ቦታ ይወጣል፤ የወል ቤት ልክ ገጥሞ ይቀመጣል፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 4.5 ቀለም ነው። ስኔሩ (ቀጭኑ የከበሮ ምት) 2ኛውና 4ኛው ምት ላይ እንዳለ ይቆይ፣ ሃይሃቱ (የሳህኑ ድምፅ) ብቻ በሦስት በሦስት ይሂድ። ሰንጎ መገን (5 እና 5) ከሆነ ሁለት ቦታ ይተርፋል፤ እሱን ለትንፋሽ ተዉት። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ስለሚዋጥ በወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በአፍ እያላችሁ ቁጠሩ።

ቤት ስትመቱም በ«-አል» እና በ«-ው» ብቻ አትጨርሱ። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ስለሚመጣ ይህ ቤት ሳይፈለግ ይገኛል፤ ለ43 ሰከንድ (16 ባር ማለት ነው) ሲደጋገም ግን የዜና ንባብ ይመስላል። ስሙን መጨረሻ አድርጉት።

ባና ለባሽ

ማይኩ ላይ እኔ ልግባ። የእንቁላል ትሪ ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁ ከሆነ ንቀሉት፣ ምንም አይሠራም። አገሩ የብርድ ልብስ አገር ነው፤ 4 ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ባና ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ ስቀሉ። ቦታው ከራፐሩ ጀርባና ከሁለት ጎኑ ነው፣ ምክንያቱም ማይኩ ፊት ለፊት የሚያየው ያንን ነው። ብዙ ሰው ከማይኩ ጀርባ ሰቅሎ ለምን ክፍሉ ያስተጋባል ይላል። አንድ ብርድ ልብስ ደግሞ ከራስ በላይ፣ ለቆርቆሮው። በክረምት ዝናቡ የሚበዛው ከሰዓት ስለሆነ ቀረጻ ጠዋት ጠዋት ይሁን።

ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ ፈንጂ ድምፆች ናቸው። ብዙ አየር አይተፉም፤ ስለዚህ ማይኩ ፊት የሚቆመው ወንፊት (ፖፕ ፊልተር) አያቆማቸውም፣ እሱ የሚጠቅመው ለተ፣ ለከና ለፈ ነው። የሚሰነጠቀው የድምፅ ካርዱ መግቢያ መጠን በጣም ስለተከፈተ ነው። ራፐሩ ከግጥሙ ውስጥ ኃይለኛውን «ጠ» በሙሉ ጉልበት ይበል፤ ያ ጫፍ ከ-10 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ ጉልበት መለኪያ) እንዳያልፍ አድርጋችሁ ዝጉት። በ24 ቢት የቀረጻ ጥራት ከቀረጻችሁ ዝቅ ማለቱ አይጎዳም። የተሰነጠቀ ቀረጻ ግን በኋላ አይድንም፣ እንደገና መቅዳት ነው። ርቀቱ አንድ ስንዝር፣ ማይኩ ከአፍ ትንሽ ወደ ጎን ዞር ይበል።

ሚክስ ላይ ሁለት ኮምፕሬሰር (የጮኸውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርግ) በተከታታይ፦ የመጀመሪያው ፈጣን (አታክ፣ ማለትም ሥራ ለመጀመር የሚወስድበት ጊዜ፣ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሰከንድ) ሆኖ 3 ዲቢ ብቻ ይቀንስ፣ ሁለተኛው ዘገም ያለ (15 ሚሊ ሰከንድ ገደማ)። የመጀመሪያውን ከዚያ በላይ ካጠበቃችሁ ፍንዳታውን ይበላዋል፤ «ጠረበ» ያለው «ተረበ» ይሆናል። ፖለቲካ የሚያወራ ዘፈን ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም።

ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ እያለ እንደ ንብ የሚል ድምፅ ከገባ ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ቅረጹ። መብራት ሲጠፋም ሥራው አይጠፋባችሁም፣ በየጊዜው ሴቭ ካደረጋችሁ።

ሰላድንጋይ

@ቤት መቺ፣ ቀረርቶን ከምት ጋር ፈጽሞ ለማሰር አትድከሙ በሚለው አልስማማም። ሙሉውን መጎተት ያበላሻል፣ እውነት ነው። ነገር ግን በየትንፋሹ ቆርጦ እያንዳንዱን ቁራጭ መነሻውን ብቻ ምት ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ውስጡን ሳትነኩ። ቁራጮቹ መሀል ያለው ዝምታ ይሰፋል ወይም ይጠባል እንጂ ድምፁ አይለጠጥም። ለአዝማች የሚመቸው ይኼ ነው።

ውሉ ይጻፍ

ስለ ሕጉ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012 የሚከለክለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግርን ነው። ለሥነ ጥበብ ሥራ የተለየ ሁኔታ አስቀምጧል። «ዘፈን ነው» ማለት ብቻውን ጋሻ ይሆናል ብላችሁ ግን አትተኙ። እያንዳንዱን ስንኝ ስታዩ አንድ ነገር ጠይቁ፦ የሚወቀሰው ማን ነው? ውሳኔና ሹመት ከሆነ ትችት ነው። ሕዝብ ከሆነ አውጡት፤ ለሕጉ ብቻ ብላችሁ አይደለም፣ ሸዋ ውስጥ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

የቅጂ መብቱ አዋጅ 410/1996 ነው። ቀረርቶው የሕዝብ ቢሆንም የአባታችን አቀራረብ የራሳቸው መብት ነው፤ ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ፈቃድ ያስፈልጋል፦ ስም፣ ቀን፣ የትኛው ዘፈን፣ ስንት ብር ወይም ስንት በመቶ፣ ሁለት ምስክር። ፖለቲካ ያለበት ነገር ላይ ድምፃቸው እንደሚገባም ሙሉውን ዘፈን አሰምታችሁ ንገሯቸው። ከካሴት የተቆረጠ አሮጌ ድምፅ ከሆነ ደግሞ የቀረጸውም ሰው የደራሲውም ፈቃድ ያስፈልጋል። ከኢንተርኔት የተከራያችሁት ቢት ለብዙ ሰው የተሸጠ ሊሆን ስለሚችል ዩቲዩብ ላይ ሌላ ሰው የኔ ነው ሊላችሁ ይችላል፤ ደረሰኙን አትጣሉ።

ስለ መቆረጡ፦ ይቆረጣል። ስለዚህ ቁጣው በአንደኛው ስንኝ፣ ማብራሪያው በአራተኛው እንዳይሆን፤ ሁለት ሁለት ባር ብቻውን ቢቆም ትርጉሙ የማይገለበጥ ይሁን። ግጥሙን ራሳችሁ ጽፋችሁ ከዘፈኑ ጋር በአንድ ቀን አውጡ፣ ካልሆነ ሌላ ሰው እንደሰማው ይጽፈዋል።

ቤት መቺ

ይኼን ልጨምርበት። ጽሑፉ ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ገበሬው ይበላል» ብትሉ፣ በ ሲላላ በልቶ ያድራል፣ በ ሲጠብቅ እሱ ራሱ ይበላል። ሰምና ወርቁ እዚያው ቃል ውስጥ ነው። አዝማቹ ሁለት ጊዜ ሲመጣ መጀመሪያ አላልቶ፣ ሁለተኛው ላይ አጥብቆ ይበል፤ ደብሎቹም (የተደራረቡት ቅጂዎች) አብረው ይጥበቁ። አንዱ ደብል አላልቶ ሌላው ካጠበቀ ሁለቱም ይበላሻል።

የጣርማበር ጉም

እግዜር ይስጥልን። ጠቀጠቅነው መሰለኝ፣ ቀለሙን እንቆጥራለን። ማሲንቆውስ? ከቢቱ ጋር ሲገባ ቅኝቱ ይጋጫል።

ባና ለባሽ

ማሲንቆውን ወደ ቢቱ አታምጡት፣ ቢቱን ወደ ማሲንቆው ውሰዱት። ቃኝተው ሲጨርሱ ክፍቱን ጭራ በስልክ ቃኚ ለኩና የቢቱን ድምፅ በዚያ ልክ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉ። የደብረ ብርሃን ብርድና ጤዛ ቆዳውን ያላላዋል፣ ድምፁም ይወርዳል፤ ስለዚህ ከመቅረጻችሁ በፊት ፀሐይ ወይም ከሰል አጠገብ ትንሽ ይሙቅ፣ በየ20 ደቂቃው እንደገና ይለካ። የደጋኑ ጭራ ዕጣን ይቀባ፣ ካልሆነ ይንሸራተታል። ራፑ ሲገባ ማሲንቆው 3 ዲቢ ዝቅ እንዲል አድርጉ፤ ሁለቱም ከ1 እስከ 3 ኪሎ ኸርዝ ላይ ይጣላሉ፣ የሚሸነፈውም ቃሉ ነው።

ማስተሩን (የመጨረሻውን ቅጂ) ከ-14 ሉፍስ (የአማካይ ጩኸት መለኪያ) በላይ ብታስጮኹት ዩቲዩብ መልሶ ዝቅ ያደርገዋል፣ የሚቀራችሁ የተጨፈለቀ ድምፅ ብቻ ነው። ጫፉ -1 ዲቢ ላይ ይቁም። ቤዙን ደግሞ በተራ ስልክ ስፒከር ስሙት፤ እዚያ ከጠፋ ጥቂት ዲስቶርሽን (ድምፁን ሸካራ የሚያደርግ) ጨምሩበት፣ ከፍ ያለው ክፍሉ ይወጣል። ከዚያ ሚኒባስ ውስጥ አስከፍቱትና ረዳቱ እየጠራ እያለ ስንኙ ይሰማ እንደሆነ እዩ።