ፖስት ካርዶችን ግድግዳ ሳይበሳ ቤት ውስጥ ለማሳየት ምን ይሻላል?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለበዓል የሚላኩልንን ፖስት ካርዶች ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው የማቆማቸው። በር በተከፈተ ቁጥር ንፋሱ ይጥላቸዋል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹን ይዞ ይሄዳል። ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ምስማር መምታት አልችልም። ስኮችም ሲነሳ የግድግዳውን ቀለም ይዞ ይነሳል። በእጄ የምሠራው ቀላል ማሳያ ብታሳዩኝ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ካርዶቹ እንደ መጽሐፍ የሚገለጡ ናቸው፤ እናቴ የጻፈችልኝም ውስጡ ላይ ነው። እንግዳ ሥዕሉን ብቻ አይቶ እንዲያልፍ አልፈልግም። ካርዶቹን መብሳትም ሆነ ሙጫ መቀባት አይሆንልኝም።

ወረቀት ወዳድ፦
ከመጋረጃ ዘንግ ጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ እሰሪና በልብስ መቆንጠጫ ስቀያቸው። በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

ክርና መርፌ፦
ሲባጎው ጥሩ ነው፤ መስኮቱ ላይ ባይሆን ግን እመርጣለሁ። ፀሐይ የካርዱን ቀለም ያደበዝዛል። በእስክሪብቶ የተጻፈውን ደግሞ ከሥዕሉ ቀድሞ ሊያጠፋው ይችላል። የእናት ጽሑፍ ፀሐይ ላይ አይሰጣም።

እህቴ፣ ቁም ሳጥን አለሽ? ካለሽ የሳጥኑ በር ይበቃሻል። 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያለው ሪባን ውሰጂ። ልክ ስጦታ እንደሚታሰረው በሩን ከላይ እስከ ታች አዙሪበትና ከውስጥ በኩል ጥብቅ አድርገሽ ቋጪው። በሩ ቁመቱ 180 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 3 ሜትር ከ80 ሪባን ይበቃል፤ 20ው ለቋጠሮ ነው። ቀጭን ሪባን ስለሆነ በሩ ሲዘጋ አያስቸግርም፤ ሲከፈትም ካርዶቹ አብረው ይዞራሉ እንጂ አይወድቁም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰው ካርዱን በሙሉ ቆንጥጦ ይሰቅለዋል፤ ያኔ ካርዱ ተዘጋ ማለት ነው። አንቺ የኋለኛውን ገጽ ብቻ ያዢ። ሪባኑን በሁለት ጣትሽ ትንሽ ቆንጠጥ አድርጊና እጥፋት ይውጣለት። የካርዱን የኋላ ገጽ ላይኛ ጠርዝ እጥፋቱ ላይ አስጠጊና ሁለቱን በትንሽ የእንጨት መቆንጠጫ ያዢያቸው። የፊተኛው ገጽ ነፃ ሆኖ ይቀራል። መቆንጠጫው ትንሽ ገፋ ስለሚያደርገው ካርዱ በከፊል ይገለጣል፤ ያየ ሰው ውስጡ ጽሑፍ እንዳለ ያውቃል። እኔ ይሄን ነገር በጣም ነው የምወደው።

መቆንጠጫው የጠርዙ መሃል ላይ ይዋል። ወደ ጎን ከሄደ ካርዱ ያዘነብላል።

ስለ ብዛቱ፦ የተለመደው ካርድ ሲታጠፍ 10.5 በ14.8 ሳንቲ ሜትር ነው። በየመሃሉ 2 ሳንቲ ሜትር ብትተዪ በአንድ ሪባን 10 ካርድ ይሰቀላል። የእናትሽን ዓይንሽ ትይዩ አድርጊው፤ ሥዕል ብቻ ያላቸው ከታች ቢሆኑ ምንም አይደል።

ጠያቂዋ፦
ቁም ሳጥን አለኝ! ይህ ፈጽሞ አልታሰበኝም ነበር። ሁለት ጥያቄ ብቻ፦ ወደ ላይ የሚገለጡ ካርዶችስ? ደግሞስ መቆንጠጫ ከሌለኝ አግራፍ ይሆናል?

ክርና መርፌ፦
ወደ ላይ ለሚገለጡት መቆንጠጫ አያስፈልግም። ቀጭን ክር በእጥፋቱ ውስጥ ከግራ ወደ ቀኝ አሳልፊና ሁለቱን ጫፎች ከሪባኑ ኋላ ቋጪ። ካርዱ በክሩ ላይ ይቀመጣል፤ ገጹን ከታች ብድግ አድርገሽ ታነቢያለሽ። ቋጠሮው እንዳይንሸራተት ክሩን ሪባኑ ላይ በአንድ ስፌት ብትይዢው ደግሞ አስተማማኝ ነው። መርፌው ሪባኑን ይውጋ እንጂ ካርዱን እንዳይነካ።

አግራፍ ይሆናል፤ በፕላስቲክ የተለበጠውን ብቻ ተጠቀሚ። ባዶው ሽቦ እርጥበት ሲያገኘው ይዝግና ወረቀቱ ላይ ቡናማ ምልክት ይተዋል፤ ያ ደግሞ አይለቅም።

ወረቀት ወዳድ፦
ልክ ነው፣ ፀሐዩን አላሰብኩትም ነበር። ቁም ሳጥን ለሌለው ሰው ደግሞ ይቺን ልጨምር፦ መስታወቱ የወጣ የሥዕል ፍሬም ካለ ሪባኑን በፍሬሙ ላይ አዙሮ ማሰር ይቻላል። ወለሉ ላይ ግድግዳውን አስደግፎ ማቆም ነው፤ ምስማር አይፈልግም።

ጠያቂዋ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሰማያዊ ሪባን ቤት ውስጥ አለኝ፣ ዛሬ ማታ በሩን እለካለሁ።