ባደረ ሰገራ ውስጥ የታየ እጭ፦ የመንጠቆ ትል ነው ወይስ ስትሮንጂሎይደስ?

ጠያቂ፦ ከቆላ ድባ

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ባልደረቦቼ። ደምቢያ ውስጥ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ባለፈው ሳምንት በባዶ እግራቸው ማሳ ላይ የሚውሉ አንዲት እናት ሆዳቸውን እየቆረጣቸው፣ ቆዳቸውንም እያሳከካቸው መጡ። ከቤታቸው በላስቲክ ጠቅልለው ያመጡትን ሰገራ በሳላይን (በጨው ውኃ) በጥብጬ በ10 እጥፍ ሌንስ ሳየው አንድ እጭ እየተጥመለመለ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲያልፍ አገኘሁ፤ በመዝገቡም ላይ «የስትሮንጂሎይደስ እጭ ታይቷል» ብዬ ጻፍሁ፤ ስትሮንጂሎይደስ እንደ መንጠቆ ትል አንጀት ውስጥ የሚኖር ሌላ ትል ነው። በአራተኛው ቀን ጤና መኮንኑ ድጋሚ እንዲመረመሩ ልኳቸው እዚሁ ግቢ ውስጥ የሰጡትን ናሙና ወዲያው ስመለከት ግን እጭ የሚባል ነገር አጣሁ። ያገኘሁት ቅርፊቱ ስስ የሆነ፣ ውስጡ ከአራት እስከ ስምንት ሕዋስ የተከፈለ የመንጠቆ ትል እንቁላል ነው። ጤና መኮንኑ «የትኛውን ውጤት ልመን?» ብሎ ሲጠይቀኝ አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም። መጀመሪያ ተሳስቼ ነበር ማለት ነው? ወይስ ሁለቱም ትሎች አሉባቸው? ሁለቱን እጮች በእኛ ተራ ማይክሮስኮፕ ለይቶ መናገርስ ይቻላል?

መልስ 1፦ ከማራኪ

ወንድሜ፣ ዓይንዎን ከመጠርጠርዎ በፊት ሰዓቱን ይጠርጥሩ። በጽሑፍዎ ውስጥ ያልነገሩን ዋናው ጉዳይ ናሙናው መቼ እንደተወሰደ ነው። የመንጠቆ ትል እንቁላል ከሰውነት የሚወጣው ሳይፈለፈል ነው፤ ነገር ግን ሙቀትና እርጥበት ካገኘ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። የስትሮንጂሎይደስ እንቁላል ግን እዚያው አንጀት ውስጥ ስለሚፈለፈል በትኩስ ሰገራ ላይ የምናገኘው እጩን ራሱን ነው። ስለዚህ ትኩስ ናሙና ላይ የታየ እጭ ስትሮንጂሎይደስን ያመለክታል፤ ባደረ ናሙና ላይ የታየ እጭ ግን ከሁለቱም ሊሆን ይችላል። እኔም ጀማሪ በነበርሁበት ጊዜ ይህን ባለማጤን ስንት ጊዜ እንደተሳሳትሁ እግዚአብሔር ይወቀው።

ይቻላል ወይ ላሉት፣ አዎ፣ ይቻላል፤ እጩ እየተንቀሳቀሰ ግን አይሆንም። በከቨር ስሊፑ (ናሙናውን በሚሸፍነው ስስ መስታወት) ጠርዝ አንድ ጠብታ አዮዲን ያስገቡና እጩ ሞቶ ሲረጋ በ40 እጥፍ ሌንስ ጭንቅላቱን ይፈልጉ። ከአፉ ጫፍ እስከ ጉሮሮው መጀመሪያ ያለው ቀጭን ቦይ በመንጠቆ ትል እጭ ላይ ረዘም ብሎ በግልጽ ይታያል፤ በስትሮንጂሎይደስ ላይ ግን በጣም አጭር ስለሆነ ያለ እንኳ አይመስልም። ቀጥለው ወደ ሆዱ መሐል ይውረዱ። የመራቢያ አካሉ ጅማሮ በስትሮንጂሎይደስ ላይ ሁለት ጫፉ የሾለ እንዝርት መስሎ ጎላ ብሎ ይታያል፤ በመንጠቆ ትል ላይ ግን ደቃቅ ስለሆነ ማየቱ ራሱ ይቸግራል። አንዱ ምልክት ብቻ አይበቃም፤ ሁለቱ ሲስማሙ ይጻፉ። ካልተስማሙ «ዓይነቱ ያልተለየ እጭ» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም።

ሰገራው ከመሬት ላይ የተነሣ ከሆነ ደግሞ በአፈር ውስጥ በራሳቸው የሚኖሩ፣ ሰውን የማይነኩ ደቃቅ ትሎች ሊገቡበት ይችላሉ፤ እነርሱም እንደዚሁ ይጥመለመላሉ። ይህንንም እናትየዋን ይጠይቁ።

መልስ 2፦ ከአዘዞ

በላይኛው መልስ እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው ስሕተቱ ወደ መድኃኒቱ ሲሻገር ምን እንደሚያስከትል ነው። ለመንጠቆ ትል የሚሰጠው 400 ሚሊግራም አልቤንዳዞል በአንድ ጊዜ የሚዋጥ ሲሆን ስትሮንጂሎይደስን ግን በዚህ መጠን በአግባቡ አያጠፋውም፤ የስትሮንጂሎይደስ ተመራጭ መድኃኒት በኪሎ 200 ማይክሮግራም ተሰልቶ የሚሰጠው አይቨርሜክቲን ነው። ከዚህም በላይ ስትሮንጂሎይደስ እዚያው ሰውየው ውስጥ ራሱን እየተካ ለዓመታት መኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ለአስም ወይም ለሌላ ሕመም ፕሬድኒሶሎን (የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት) ከተሰጠው ትሉ ያለ ልክ ተባዝቶ በመላ አካሉ ሊሰራጭና ሊገድለው ይችላል። የመንጠቆ ትል ዋና ጉዳቱ ደም ማነስ ነው፤ ከባድ ቢሆንም እንዲህ ያለ ድንገተኛ አደጋ አያመጣም። ስለዚህ «ሁለቱም የሆድ ትል ናቸው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

በሌላ በኩል፣ ሁለተኛው ናሙና ላይ እጭ አለመታየቱ ብቻውን ስትሮንጂሎይደስ የለም አያሰኝም። ይህ ትል እጮቹን በጥቂቱና በተለያየ ቀን ስለሚያወጣ አንድ ስላይድ በቀላሉ ያልፈዋል። በተለያዩ ቀናት ሦስት ናሙና ያስመጡ፤ ከተቻለም የበርማንን ዘዴ ይሞክሩ። ሰገራውን በጋዝ ጨርቅ ጠቅልሎ ለብ ያለ ውኃ በያዘ ማንቆርቆሪያ (ፈነል) አፍ ላይ ማስቀመጥ፣ ከታች የተገጠመውን የጎማ ቱቦ በመቆንጠጫ መዝጋት፣ እጮቹ ወደ ውኃው ወጥተው ወደ ታች እስኪዘቅጡ መጠበቅና ከታች የተጠራቀመውን ውኃ መመርመር ነው። ውድ ዕቃ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው።

ካቶ ካትዝ (ሰገራን በግሊሰሪን አጥርቶ የትል እንቁላል የመቁጠሪያ ዘዴ) የምትጠቀሙ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባችሁ። ግሊሰሪኑ የመንጠቆ ትልን እንቁላል ስለሚያሳሳው ስላይዱ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ መነበብ አለበት። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ቦታ ጠዋት የተዘጋጁት ስላይዶች የሚነበቡት ከምሳ በኋላ ነበር፤ የወስፋት እንቁላል እንደ ልብ እየተገኘ የመንጠቆ ትል ግን «ጠፍቷል» እየተባለ ይመዘገብ ነበር። የስትሮንጂሎይደስን እጭ በዚህ ዘዴ ለመፈለግ መነሣትማ ከንቱ ድካም ነው።

መልስ 3፦ ከፒያሳ

በመልስ 1 እናትየዋን ይጠይቁ እንደተባለው፣ «መጀመሪያ ሰውየውን ጠይቅ» የሚለው ነገር ለእኛ አገር ከሌሎች ይልቅ ይሠራል። በፋሲካ ሰሞን የጉበት ትል፣ ማለትም የፋሲዮላ፣ እንቁላል ያገኘሁባቸው ሕመምተኞች ነበሩኝ። ስጠይቃቸው ጥሬ ጉበት መብላታቸውን ነገሩኝ። በታመመ ከብት ጉበት ውስጥ ያለ እንቁላል ከተበላ በሰው አንጀት አልፎ ብቻ ይወጣል፤ ሰውየው አልታመመም። ለጥቂት ቀናት ጉበት እንዳይበሉ ነግሬ ድጋሚ ስመረምር እንቁላሉ ጠፋ። በማይክሮስኮፕ ያየሁት ትክክል ነበር፤ ስሕተት ሊሆን የነበረው የምሰጠው ትርጉም ነው።

የጠያቂው ምላሽ፦ ከቆላ ድባ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እናትየዋን በስልክ አግኝቻቸው ነበር። የመጀመሪያውን ሰገራ የወሰዱት በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ኖሮ፣ «እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ምድጃው አጠገብ አሳደርሁት» አሉኝ። እኔ ዘንድ ሲደርስ አንድ ሙሉ ሌሊት በሙቀት አድሯል ማለት ነው። ስላይዱን ስለጣልሁት የእጩን አፍ ተመልሼ ማየት አልችልም። የመጀመሪያውን ውጤት «ዓይነቱ ያልተለየ እጭ፣ ናሙናው ያደረ» ብዬ አርሜዋለሁ፤ ለመንጠቆ ትሉ አልቤንዳዞል ተሰጥቷቸዋል። ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ እዚሁ ትኩስ ናሙና ሊሰጡኝ ተስማምተናል፤ ማንቆርቆሪያና የጎማ ቱቦም አግኝቻለሁ። በናሙና መቀበያው መዝገብ ላይ ደግሞ «የተወሰደበት ሰዓት» የሚል አንድ ዓምድ በእጄ አስምሬ ጨምሬያለሁ።