ሞደሜ ዴቢያን ላይ ሲዲ ሆነብኝ፣ ምን ላድርግ?

የማራኪ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር፣ ማራኪ ካምፓስ አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። አንድ ፒሲ፣ አንድ ፕሪንተር፣ ያው ጠባብ ቤት ናት። ደንበኞቼ ተማሪዎች ናቸው። ሁሉም ፍላሽ ይዞ ይመጣል። ከፍላሹ ጋር ያ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስም ይመጣል። ባለፈው የአንዷን ልጅ የመመረቂያ ጽሑፍ በላብኝ። አልቅሳ እኔንም አስለቀሰችኝ። ወንድሜ መጣና ዊንዶውሱን አጥፍቶ በምትኩ ዴቢያን የሚባለውን ሊኑክስ ጫነልኝ። ራሙ 2 ጊጋ ብቻ ስለሆነ «ትርፍ ነገር የለበትም፣ ቀላሉን ነው የጫንኩልሽ» ብሎኝ ወደ መተማ ተመለሰ። ቫይረሱ እውነትም ቀረ።

አሁን የቸገረኝ ኢንተርኔት ነው። ድሮ ነጭ ዩኤስቢ ሞደም ነበር የምጠቀመው። ስሰካው የራሱ መስኮት ብቅ ይላል፣ ኮኔክት እላለሁ፣ አለቀ። አሁን ስሰካው ዴስክቶፑ ላይ የሲዲ ምስል ይመጣል። ውስጡ የዊንዶውስ ፋይል አለ፣ ብነካው ብነካካው ዝም። መብራቱ ግን አረንጓዴ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ነፍስ አለው። ሞደም ውስጥ ሲዲ ከየት መጣ? ተማሪ አሳይመንቱን በቴሌግራም ሲልክልኝ በስልኬ አውርጄ በገመድ እያሻገርኩ ነው። መሀል ላይ ስልክ ከተደወለ ሥራው ሁሉ ይቆማል።

ፒያሳ ነኝ፦
ምን አስጨነቀሽ፣ ዊንዶውሱን መልሺው። እኔ ጋ አለ፣ ፒያሳ ብቅ ካልሽ በፍላሽ እሰጥሻለሁ።

የማራኪ ጸሐፊ፦
በፍላሽ? ያ ቫይረስስ በምን መጣና ወንድሜ። አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ።

የአዘዞው፦
እህቴ፣ ሞደምሽ ደህና ነው። ሁለት መልክ ስላለው ነው። ሰሪዎቹ የዊንዶውስ ሶፍትዌሩን በሲዲ ለብቻው ከሚያድሉ ሞደሙ ውስጥ ከተውታል። ስለዚህ ሲሰካ መጀመሪያ «ሲዲ ነኝ» ይላል። ከኮምፒውተሩ አንዲት መልእክት ስትደርሰው ሲዲነቱን ትቶ ሞደም ይሆናል። ዊንዶውስ ላይ መልእክቷን የሚልከው ያ ብቅ የሚለው ሶፍትዌር ነው። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ዩኤስቢ ሞድስዊች የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። ወንድምሽ ትርፍ ብሎ የተወው እሱን ሳይሆን አይቀርም።

እስቲ ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ክፈቺና ኤልኤስዩኤስቢ ብለሽ እዘዢ፣ የተሰኩትን ዕቃዎች ይዘረዝራል። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የምጽፍልሽ፣ አንቺ በእንግሊዝኛ ፊደል አስገቢያቸው። ከሚመጣው ውስጥ በ12ዲ1 የሚጀምር መለያ ፈልጊ፣ እሱ የሁዋዌ ነው። ከሁለቱ ነጠብጣብ ቀጥሎ ያለው ስንት ነው?

የማራኪ ጸሐፊ፦
1446 ይላል።

የአዘዞው፦
በቃ፣ እሱ የሲዲው መልክ ነው። እንግዲህ ኢንተርኔት ለማግኘት ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ለዛሬ ስልክሽን በገመድ ሰክተሽ ዩኤስቢ ቴተሪንግ አብሪ፣ ፒሲው በስልክሽ ኢንተርኔት ይጠቀማል። ከዚያ ሱዱ አፕት ኢንስቶል ብለሽ ሁለት ስም አስከትዪ፦ ዩኤስቢ ሰረዝ ሞድስዊች፣ ቀጥሎ ሞደምማኔጀር። የመጀመሪያው መልኩን ይቀይረዋል፣ ሁለተኛው ያናግረዋል።

የማራኪ ጸሐፊ፦
ኧረ ጉዴ! ፓስወርዴን ሳስገባ ምን አለኝ መሰላችሁ? ስሜ ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ የለም፣ ድርጊቱም ሪፖርት ይደረጋል አለኝ። ለማን ነው የሚነግርብኝ? ፎቶ ኮፒ ሊያስደርግ የቆመው ልጅ አንብቦልኝ ይስቃል። እኔ ላብ አጥምቆኛል። ፒሲውን ከሶኬት ነቀልኩት።

የአዘዞው፦
ሃሃሃ! ለማንም አይደለም። እዚያው ማሽንሽ ውስጥ መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ አለቃው ደግሞ አንቺው ነሽ። ዴቢያን ሲጫን ሩት ለሚባለው ባለሙሉ ሥልጣን ተጠቃሚ ፓስወርድ ከተሰጠ፣ ሱዱ፣ ማለትም በሩት ሥልጣን የሚያሠራው ትእዛዝ፣ ሌላውን ሰው አያምነውም። ወንድምሽን የሩቱን ፓስወርድ ጠይቂው። ኤስዩ ብለሽ፣ ክፍት ቦታ ትተሽ፣ ሰረዝ ጨምረሽ ኢንተር በዪ። ፓስወርዱን ስትጽፊ ኮከብ እንኳን አይታይም፣ እንዳትደነግጪ። ከዚያ ትእዛዙን ያለ ሱዱ ድገሚው። ከሶኬት መንቀሉን ግን ተዪ፣ መብራቱ ራሱ እየሄደ የሚነቅልልን ይበቃናል።

የማራኪ ጸሐፊ፦
ወንድሜን ያገኘሁት ማታ ነው። ዛሬ ጠዋት ተጫነ። ሞደሙን ነቅዬ ስመልሰው ሲዲው ለአፍታ ብቅ ብሎ ጠፋ። ቁጥሩም 1001 ሆኗል! ግን ላገናኝ ስል ይሞክር ይሞክርና ይተወዋል።

ሳሙና በር፦
ኤፒኤን፣ ማለትም ሞደሙ በየትኛው የቴሌ በር ኢንተርኔት እንደሚገባ የሚነግረውን ስም፣ አስገብተሻል? ድሮ የሞደሙ ሶፍትዌር ራሱ ይዞት ስለነበር አታውቂውም። ከኔትወርክ ምልክቱ አዲስ ሞባይል ብሮድባንድ ፍጠሪ። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ ኤፒኤኑ ኢቲሲ ዶት ኮም ነው፣ በትንንሹ ፊደል። ቁጥር ከጠየቀሽ *99#። ዩዘርኔምና ፓስወርድ ባዶ ይሁን። ሲሙ ፒን ካለው ስልክ ላይ አድርገሽ አጥፊለት።

ደግሞ የት ነው የሰካሽው? ከፊት ከሆነ ከኋላ አድርጊው። የፊተኛው ቀዳዳ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በቀጭን ሽቦ ነው፣ በአሮጌ ፒሲ ላይ ደግሞ ይላላል። ዩኤስቢ 2 የሚሰጠው ቢበዛ 500 ሚሊ አምፔር ነው። ሞደም ሲግናል ሲያጣ ያንን ሁሉ መሳብ ይፈልጋል። ሲያጥረው ይጠፋል፣ ሰው ግን ኔትወርኩን ይረግማል።

የማራኪ ጸሐፊ፦
ከፊት ነበር! ወደ ኋላ ለማዞር ፕሪንተሩን ማንሳት ነበረብኝ፣ ከሥሩ የጠፋብኝን መቀስ አገኘሁ። ኤፒኤኑን ስሞላ ሰማያዊ መብራት ጀመረ፣ ከዚያ መብለጭለጩን ትቶ ቀጥ ብሎ በራ። ቴሌግራም ተከፈተ፣ 14 ፋይል ተከምሮ ጠበቀኝ። ተባረኩ። አንድ ቀረኝ፦ ድሮ በዚያ መስኮት *804# ብዬ ሒሳቤን አይ ነበር። አሁንስ?

ሳሙና በር፦
ኮኔክሽኑን አቋርጪና ኤምኤምሲኤልአይ በሚባለው ትእዛዝ በኩል መጠየቅ ይቻላል። ብዙ ሰረዝ አለው፣ ለብቻው እጽፍልሻለሁ። እስከዚያ ሲሟን አውጥተሽ ስልክ ላይ ማድረግ ነው።

የማራኪ ጸሐፊ፦
ሲም ማውጣቱ ይሻለኛል። ያ ሳቂታ ልጅ በመጣ ቀን ግን ተርሚናሉን እሞክረዋለሁ፣ እስቲ ያኔ ይሳቅ። ደህና ዋሉ፣ ደንበኛ መጣብኝ። ፍላሽ ይዟል።