ለፈጣን ሊድ የቱ ጊታር ይሻላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ጊታሪስቶች፣ ዋጋው ጠንከር ያለ ኤሌክትሪክ ጊታር ልገዛ ነው፣ የምጫወተው ፈጣን ሊድ (ሶሎ) ነው፣ ሌጋቶ (ኖታዎቹን ሳያቋርጡ ማያያዝ) እና ስዊፕ (ፒኩን ከክር ክር በአንድ አቅጣጫ መጥረግ) ይበዛበታል። አይባኔዝ አርጂ ፕሬስቲጅ፣ ሰር ሞደርን እና ፒአርኤስ ከስተም 24 መሃል ልቤ ተከፍሏል። የቱን ትሉኛላችሁ?

ባለ 24 ፍሬት፦ ለፍጥነት ከሆነ አይባኔዝ በቃ! ጃፓን ነው የሚሰራው፣ ዊዛርድ የሚባለው ኔኩ (አንገቱ) ስስ ነው፣ ፍሬትቦርዱም (ጣት የሚያርፍበት የኔኩ ፊት) ጠፍጠፍ ያለ ስለሆነ ክሩን በጣም ዝቅ አርገህም ላይኛዎቹ ፍሬቶች (ኔኩ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች) ላይ ቤንድ ስታረግ፣ ማለትም ክሩን ገፍተህ ድምፁን ከፍ ስታረግ፣ አይታፈንም። ግን ስስ ኔክ አንዳንዱን እጅ ቶሎ ያደክማል፣ ሳትይዘው እንዳትገዛ።

ቶን ፈላጊ፦ እኔ ሰርን ነው የምልህ ወንድሜ። ፍሬትቦርዱ በናት በኩል (ክሩ የኔኩ ጫፍ ላይ የሚያርፍበት) ክብ ብሎ ወደ ቦዲው ሲጠጋ ጠፍጠፍ እያለ ይሄዳል፣ ስለዚህ ኮርድም ሊድም ይመቻል፣ ስቴንለስ ስቲል ፍሬት ደግሞ ቶሎ አይበላም፣ ክሩ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ፒአርኤሱ ስኬሉ (የሚመታው ክር ርዝመት) 25 ኢንች ነው፣ የሌሎቹ 25.5፣ ስለዚህ ክሩ ትንሽ ላላ ይላል፣ ለቤንድ ደስ ይላል።

ጠያቂ፦ በጣም አመሰግናለሁ። ብሪጁስ (ክሮቹ ቦዲው ላይ የሚያርፉበት)?

ባለ 24 ፍሬት፦ ቱኒንግ (የክሮቹን ቅኝት) የምትቀያይር ከሆነ ሎክ የሚያረግ ትሬሞሎ (በዘንግ የሚንቀሳቀስ፣ ክሩን የሚቆልፍ ብሪጅ) ይቅርብህ፣ አንዱን ክር ስታላላ የሌሎቹም ይዛባል።