«ባቡሩ ነው ጋምቤላን የገደላት» ለተባለው

የቱሉ ዲምቱው፦ ዛሬ ጠዋት በሬዲዮ የቀረቡትን እንግዳ ሰማችኋቸው? «ጋምቤላ ዓመቱን ሙሉ መርከብ የምታስተናግድ ወደብ ነበረች፤ የጅቡቲ ባቡር ነው የገደላት» አሉ፤ አዘጋጁም አንድ ጥያቄ ሳያነሳ አሳለፈው። ቃሊቲ ጉምሩክ በር ላይ ሰልፍ ይዞ የሚውል ሹፌር ሁሉ ይህን ይዞ ሊሄድ ነው። የጋምቤላው ወንዝ ባሮ ዓመቱን ሙሉ መርከብ አሳልፎ አያውቅም! ከሰኔ እስከ ጥቅምት፣ ቢበዛ ኅዳር መግቢያ ድረስ ነበር። ከዚያ ውሃው ይወርዳል፣ አሸዋው ብቅ ይላል። ወደ ካርቱም ሳይመለስ የዘገየ መርከብ አሸዋ ላይ ተቀምጦ ክረምትን ይጠብቅ ነበር።

ገላን ኮንዶ፦ የ«ዓመቱን ሙሉ»ን ነገር ትቼልሃለሁ። «ባቡሩ ገደላት» ያሉት ግን ልክ ናቸው። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። በሳምንት ጅቡቲ የሚያደርስ ባቡር እያለ ማን ነው ክረምት የሚጠብቀው?

የቱሉ ዲምቱው፦ የጎሬ ነጋዴ ነዋ! ከጎሬ አዲስ አበባ በዛሬው አስፋልት እንኳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጋምቤላ የዚያ ሩብ ቢሆን ነው። አንድ በቅሎ ከኩንታል በላይ አትጭንም። ለአንድ ኩንታል ቡና ያን ሁሉ መንገድ ቀለብ ከፍሎ የሚያተርፍ ነጋዴ አሳየኝ። የኢሉባቦርና የምዕራብ ወለጋ ቡና፣ ሰሙና ቆዳው ከ1909 በኋላም በባሮ ወርዷል፤ ጨውና አቡጀዲ በባሮ ወጥቷል፤ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ። ሞተች የተባለችው ከተማ እኮ ነች።

ለገጣፎ፦ ከሁሉ በፊት አጼ ምኒልክ ጋምቤላን ለእንግሊዝ መሸጣቸው ለምን አይነሳም?

የባሮ ዳር፦ ማን ሸጠ? ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት የግንቦት 7 ቀን 1894 ውል አንቀጽ 4 ኪራይ ነው። ኢታንግ አጠገብ፣ ወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ፤ ለንግድ ብቻ፣ ለጦርም ለፖለቲካም የማይውል፤ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ። ሱዳን በ1948 ነጻ ወጣች፣ ጥቅምት 5 ቀን 1949 ቦታው ተመለሰ። የተሸጠ ነገር እንዲህ አይመለስም።

ለገጣፎ፦ በዚያው ውል አንቀጽ 3 በዓባይ፣ በጣናና ባሮ በሚገባበት በሶባት ወንዝ ላይ ውሃ የሚያግድ ሥራ ያለእንግሊዝ ስምምነት አንሠራም ተብሏል። ይህንንስ ምን ትለዋለህ?

የባሮ ዳር፦ እሱ ሌላ ክስ ነው፤ ለብቻው ክፈተውና እንነጋገርበታለን። ወደ ወደቡ ልመለስ። የንግድ ጣቢያው ኢታንግ ያልቀረው ሜዳው ክረምት ውሃ ስለሚተኛበት ነው። ጋምቤላ ግን ከደጋው ግርጌ ናት፤ ከእሷ በላይ ድንጋይና ፏፏቴ መርከብ አያስወጣም። ቦታው ደግሞ ባዶ አልነበረም፤ አኙዋ ነበረበት። ሬዲዮው ይህንንም አላነሳም።

ገላን ኮንዶ፦ ባቡሩ ካልገደላት ምን ገደላት? በቀጥታ መልስልኝ።

የቱሉ ዲምቱው፦ የቡናውና የወንዙ ወር አለመግጠም። ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ልክ ባሮ በሚጎድልበት ጊዜ። ነጋዴው ደረቁን ገዝቶ፣ በበጋ መንገዱ ሳይጨቀይ ያወርደዋል። ከዚያ እስከ ሰኔ ጋምቤላ መጋዘን ይከማቻል። ሙቀት ነው፤ ጆንያው መሬት ከነካ ይሻግታል፤ ርብራብ ላይ ካልተደረደረና አየር ካላገኘ ሽታ ይይዛል። ከሁሉ በላይ የነጋዴው ገንዘብ ግማሽ ዓመት ታስሮ ይቀመጣል። ዕቃ ይዞ የመጣው መርከብ ደግሞ የሚያራግፈው ክረምት፣ የደጋው መንገድ ጭቃ በሆነበት ወር ነው። ቆላው ላይ ጭነት ከብቱን ገንዲ፣ በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው በሽታ፣ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ሸክሙ ወደ ሰው ትከሻ ይዞራል። ይህ ሁሉ ባቡሩ ባይሠራም ነበረ።

አየር ጤና፦ የምዕራብ ወለጋው የዩብዶ ፕላቲነምስ? ወደቡን ያቆመው ማዕድኑ ነው ሲባል እሰማለሁ።

የባሮ ዳር፦ ወንድሜ፣ ፕላቲነም ለወደብ ምን ያደርግለታል? የዩብዶ ፕላቲነም ከድንጋዩ መበስበስ የቀረው ቡናማ አፈር ውስጥ ያለ ደቃቅ ቅንጣት ነው። ከወንዝ ቦይ ይጠለፋል፣ አፈሩ ተዳፋት ባለው የእንጨት አሸንዳ ላይ ይለቀቃል፤ ውስጡ በአግድም የተመቱት እርከኖች ከባዱን ያስቀራሉ፣ ቀላሉን ውሃው ይወስደዋል። ቦዩ ቁልቁል ከበዛበት ቅንጣቱም አብሮ ይሄዳል፤ ካነሰ ጭቃው እርከኑን ይሞላዋል። ከብዙ ቶን አፈር በእፍኝ የሚያዝ ቢገኝ ነው። እሱን በቅሎ በፈለገችው አቅጣጫ ታወጣዋለች። መርከብ የሚሻው ቡናና ጨው ነው።

ገላን ኮንዶ፦ ሁላችሁም ዙሪያውን ትሄዳላችሁ። ጅቡቲ ባይኖር ያ ቡና ስድስት ወር ቢጠብቅም ጋምቤላን አይለቅም ነበር። ባቡሩ ነው።

የቱሉ ዲምቱው፦ አልለቀቃትም እኮ ነው የምልህ! የ1909ን ሐዲድ ይዘህ የ1928ን ወረራ ልትዘለው አትችልም። ጣሊያን ጋምቤላን ይዞ ንግዱን ሲያናጋው ባቡሩ የት ነበር?

ገላን ኮንዶ፦ እዚሁ፣ አቃቂ ጣቢያ፣ ዕቃ እያራገፈ።